በኦንላይን የገዛሁት ጠገራ ብር እውነተኛ ነው ወይስ ፎርጅድ?

ጀማሪዋ | ሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁም። እስካሁን የምትጽፉትን አነብባለሁ እንጂ ራሴ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ጨነቀኝና ነው።

ለአባቴ ስጦታ እንዲሆን አንድ ጠገራ ብር ኦንላይን ገዛሁ። የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ያለችበት፣ 1780 የሚለው። ሻጩ ማስታወቂያው ላይ «ኦሪጅናል፣ በ1780 በንግሥቲቱ ዘመን የተመታ» ብሎ ጽፏል። ትናንት ደረሰኝ። ገና ስከፍተው ልቤ ቀዘቀዘ። በጣም ያበራል። ከ240 ዓመት በላይ የኖረ ነገር እንዴት እንዲህ አዲስ ይመስላል?

ሌላም አለ። ማስታወቂያው ላይ ባለው ፎቶ ከንግሥቲቱ ጆሮ አጠገብ ጠቆር ያለ ነጥብ ይታያል። የእኔው ላይ የለም። ስለዚህ ፎቶው የሌላ ሳንቲም ነው ማለት ነው።

ማግኔት አስጠጋሁበት። አልያዘውም። ትንሽ ተንፈስ አልኩ። በኋላ ሳነብ ግን ማግኔት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም የሚል አገኘሁ። ዕቃውን ለመመለስ የቀረኝ 9 ቀን ነው። ከየት ልጀምር? ለአባቴ ሐሰተኛ ነገር መስጠት አልፈልግም።

ቁርጥ_ቃል | ሰኞ፣ ማታ 2፡58

ፎርጅድ ነው። ዛሬውኑ መልሺው። 1780 ተጽፎበት እንደ መስታወት የሚያበራ ብር እውነተኛ ሊሆን አይችልም። ፎቶው የሌላ ሳንቲም መሆኑ ደግሞ ይበቃል። ጊዜሽን አታባክኚ።

ላባ_ቆጣሪ | ሰኞ፣ ማታ 3፡35

ልጄ፣ ተረጋጊ። ቁርጥ_ቃልም ትንሽ ታገስ። ፎቶው ላይ ያልከው ልክ ነው። ብሩህነቱ ላይ ግን ተሳስተሃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው።

በዚህ ሳንቲም ላይ 1780 የሚለው ቁጥር የተመታበትን ዓመት አይነግርሽም። (የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ማሪያ ቴሬዛ ያረፈችው በኅዳር 1780 ነው። ብሩ ግን ከእሷ ሞት በኋላም በቀይ ባሕር ዙሪያ፣ በዓረቡ ዓለምና በእኛም አገር በጣም ይፈለግ ነበር። ሰው የለመደውን መልክ ካላየ አይቀበልም። ስለዚህ ዓመቱን ሳይቀይሩ፣ ያንኑ 1780 እያሉ መምታታቸውን ቀጠሉ። ኦስትሪያ ውስጥ ሕጋዊ ገንዘብነቱ በ1858 አብቅቷል። መመታቱ ግን አልቆመም።

በ1935 ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ፣ ብሩን የመምታት መብት ለ25 ዓመት ከኦስትሪያ ወሰደች። ምስሉ የሚመታበት ቅርጽ ወደ ሮም ሄደ። ሌሎቹ ግን ዝም ብለው አላዩም። ለንደን፣ ፓሪስና ብራስልስ የራሳቸውን መምታት ጀመሩ። ቦምቤይና በርሚንግሃምም ኋላ መትተዋል። ቪየና መብቷን መልሳ እስከ ዛሬ ትመታለች። በሁሉም ላይ 1780 ይላል። ሁሉም ብር ነው።

ስለዚህ ጥያቄሽ አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው። አንደኛው፣ በእጅሽ ያለው በገንዘብ መምቻ የተመታ እውነተኛ ብር ነው ወይስ አንድ ሰው ጓዳው ውስጥ ያፈሰሰው ቅይጥ? ሁለተኛው፣ እውነተኛ ከሆነ መቼ ተመታ? የመጀመሪያውን ቤትሽ ሆነሽ ነገ ማወቅ ትችያለሽ። ሁለተኛው ከባድ ነው። እኔ 30 ዓመት ስሰበስብ አሁንም የምሳሳትበት ቀን አለ።

ጀማሪዋ | ሰኞ፣ ማታ 3፡50

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ጨርሶ አላውቅም ነበር። ታዲያ ሻጩ «በንግሥቲቱ ዘመን የተመታ» ማለቱስ? ካልሆነ ዋሽቶኛል ማለት ነው?

በወጥ ቤት ሚዛን መዘንኩት። 26 ግራም ይላል። ስንት መሆን ነበረበት?

ሚዛን | ሰኞ፣ ማታ 4፡15

28.07 ግራም አካባቢ። 26 የሚለው እውነት ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ እዚሁ ያበቃ ነበር። ግን የወጥ ቤት ሚዛንን እንዳታምኚው። ለዱቄት የተሠራ ነው፤ ለትንሽ ነገር ሁለት ግራም መሳት አይከብደውም። እስከ ግራም መቶኛ የሚያነብ የወርቅ ሚዛን ፈልጊ። ከመመዘንሽ በፊት ክብደቱን በእርግጠኝነት የምታውቂውን ሌላ ነገር መዝኚበትና ሚዛኑን ፈትኚው።

ማግኔቱን በተመለከተ፣ ያነበብሽው ትክክል ነው። ማግኔት የሚያጋልጠው ብረትን ነው። መዳብን፣ ነሐስን፣ እርሳስን አይዝም። ፎርጅድ የሚሠሩትም ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ከያዘው ጣዪው፣ ካልያዘው ግን ገና ምንም አላወቅሽም። በጣም ኃይለኛ የሆነችውን ትንሽ የኒዮዲሚየም ማግኔት ካገኘሽ ግን ሌላ ነገር ሞክሪ። ሳንቲሙን 45 ዲግሪ ያህል አዘንብለሽ ማግኔቷን ከላይ ልቀቂያት። ብር ላይ ቀስ ብላ፣ የሆነ ነገር የያዛት ይመስል ትንሸራተታለች። እርሳስ ላይ ወይም የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ላይ ግን ፈጥና ትወርዳለች። መዳብም እንደ ብር ስለሚያዘገያት፣ ይህም ብቻውን አይበቃም።

እኔ ከሁሉ በላይ የማምነው የውኃውን ምዘና ነው። ሚዛኑ ላይ ውኃ የያዘ ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ አድርጊና ዜሮ በዪው። ሳንቲሙን በቀጭን ክር እሰሪ። ሙሉ በሙሉ እስኪሰጥም ውኃው ውስጥ አውርጂው። ታቹንም ጎኑንም እንዳይነካ ክሩን በእጅሽ ያዢ። የአየር አረፋ ከተጣበቀበት ነቅነቅ አድርጊው። አሁን ሚዛኑ የሚያሳይሽ ቁጥር የሳንቲሙ ይዘት፣ ማለትም የሚይዘው ቦታ ነው። ደረቅ ክብደቱን ለዚህ ቁጥር አካፍዪው።

ጠገራ ከሺህ 833 እጁ ብር ነው፣ የቀረው መዳብ። ስለዚህ ሲካፈል 10.2 አካባቢ ይመጣል። ንጹሕ ብር 10.49 ነው፣ መዳብ 8.96፣ እርሳስ 11.3። አብዛኛው ፎርጅድ ከ9 በታች ይወድቃል። ውፍረቱን ጨምሮ ክብደቱን ማስተካከል ይችላል፤ መልኩንም በቅብ ይደብቃል። ክብደቱንም መጠኑንም አንድ ላይ ማስተካከል ግን በርካሽ ብረት በጣም ይከብዳል።

ስትጨርሺ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን እያልሽ አድርቂው። እንዳትፈገፍጊው።

ድምፁን_ስሙ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡20

ድምፁንም አትርሱ! ሳንቲሙን በጣትሽ ጫፍ ላይ ሚዛኑን ጠብቀሽ አስቀምጪና በመጻፊያ እርሳስ ጠርዙን ቀስ ብለሽ ንኪው። ብር ከሆነ ቀጭንና ረጅም ድምፅ ያወጣል፣ እንደ ትንሽ ደወል። እርሳስ የበዛበት ቅይጥ ደግሞ «ጠብ» ብሎ ይቀራል። ድሮ ነጋዴዎች ብሩን ድንጋይ ላይ ጣል አድርገው የሚያዳምጡት ለዚህ ነው። እኔ ገና ድምፁን ስሰማ አውቃለሁ።

ሚዛን | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡05

ድምፁን_ስሙ፣ ያንተን ጆሮ አከብራለሁ። ለጀማሪ ግን አልመክርም። እውነተኛ ብርም ውስጡ ትንሽ ስንጥቅ ካለው፣ ወይም ማንጠልጠያ ተበይዶበት ከነበረ ደንቆሮ ድምፅ ያወጣል። አንዳንድ የነሐስ ቅይጥ ደግሞ ደህና አድርጎ ይጮኻል። ማነጻጸሪያ የሚሆን ሌላ ጠገራ ከሌላት በምን ታውቃለች? ድንጋይ ላይ መጣሉ ደግሞ ይቅር፣ ጠርዙ ይጎዳል።

ድምፁን_ስሙ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡30

ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል ያልከው እውነት ነው፤ ያንን መጻፍ ነበረብኝ። ጣሉት ግን አላልኩም።

ጀማሪዋ | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡45

የጎረቤታችን ልጅ ወርቅ ሠሪ ነው፤ ሚዛኑን አዋሰኝ። ሦስት ጊዜ መዘንኩ።

ደረቅ ክብደት፦ 28.02
ውኃ ውስጥ የታየው፦ 2.76
ሲካፈል፦ 10.15

እጄ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር የውኃውን ሁለቴ ደገምኩት። አንዴ 2.75፣ አንዴ 2.76 አለ። ከዳር እስከ ዳር ስፋቱ ደግሞ 40 ሚሊሜትር ያህል ነው። ጥሩ ነው አይደል?

ሚዛን | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡52

በጣም ጥሩ ነው። እንኳን ደስ አለሽ፣ በእጅሽ ያለው ብር ነው። 10.15ን 10.2 በዪው። በቤት ውስጥ ምዘና ከዚህ የጠራ አይገኝም።

አዲስ_ገቢ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡30

ውይይቱን ሳነብ እኔም ተነሳሁና ያለኝን መዘንኩ። ዓምና የገዛሁት ነው፣ እሱም ጠገራ። ጠቆር ያለ፣ ያረጀ የሚመስል፣ ደስ የሚል መልክ ያለው። አንድም ቀን ተጠራጥሬው አላውቅም።

24.6 ግራም። ውኃ ውስጥ 2.80። ሲካፈል 8.79።

አምስት ጊዜ ደገምኩት። ያው ነው። አሁን በማጉያ መነጽር ሳየው ፊደሎቹ ክብ ክብ ብለዋል፣ ልክ የሟሟ ሳሙና። ሜዳው ላይ (ምስልና ጽሑፍ የሌለበት ባዶ ቦታ) በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። የባሰው ደግሞ ይኸው። የንግሥቲቱ ትከሻ ላይ አንዲት የጭረት ምልክት አለች። ያው ሻጭ አሁን የሚሸጣቸውን ሌሎች ሁለት ጠገራዎች ፎቶ አየሁ። ሁለቱም ላይ ያቺው ጭረት፣ እዚያው ቦታ ላይ አለች።

ላባ_ቆጣሪ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡10

አዲስ_ገቢ፣ አዝናለሁ። ከጻፍከው ሁሉ የመጨረሻዋ ነገር ናት ጉዳዩን የዘጋችው። ጭረት የእያንዳንዱ ሳንቲም የራሱ ጠባሳ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ቦታ አንድ ዓይነት ጠባሳ እንደማይኖራቸው ሁሉ፣ ሦስት ሳንቲሞችም በአንድ ቦታ አንድ ዓይነት ጭረት አይኖራቸውም። ካላቸው ከአንድ ቅርጽ ነው የወጡት። አንድ እውነተኛ ጠገራ ወስደው ቅርጹን አወጡ። ጭረቷም አብራ ተቀረጸች። ከዚያ ቅይጡን አቅልጠው እያፈሰሱ ያባዙታል። ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ሲፈስ የታሰረ አየር የተወው ነው። የተመታ ሳንቲም በከባድ ግፊት ስለሚወጣ ሜዳው ጥብቅ፣ የፊደሎቹም ጠርዝ ስል ነው።

ያረጀ መልኩ ነው ያታለለህ። ማጥቆር ቀላል ነው። ድኝ ያለበት ነገር ብርንም መዳብንም በአንድ ቀን ያጠቁራል። አየህ፣ የሷ አዲስ ይመስላል ብላ ፈራች፣ እውነተኛ ሆነ። ያንተ ያረጀ ይመስላል ብለህ አመንክ።

ጀማሪዋ፣ አንድ ነገር ቀርቶሻል። ጠርዙን አይተሻል? ፊቱንና ጀርባውን ሁሉም ያያል። ፎርጅድ የሚሠራ ሰው የሚሰንፈው ጠርዙ ላይ ነው። እውነተኛው ላይ በላቲን «ዩስቲቲያ ኤት ክሌሜንቲያ» የሚል ጽሑፍ ዙሪያውን ከጌጥ ጋር ከፍ ብሎ ተቀርጿል። ፍትሕና ምሕረት ማለት ነው፣ የንግሥቲቱ መፈክር። የፈሰሰ ሳንቲም ላይ ጽሑፉ ወይ ደብዝዟል፣ ወይ ጨርሶ የለም፣ ወይ ሁለቱ የቅርጽ ግማሾች የተጋጠሙበት መስመር በመሐሉ ያልፋል፣ አንዳንዴም በሞረድ ተሞርዶ ጠፍቷል።

አዲስ_ገቢ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡22

የእኔው ላይ ጽሑፍ የለም። የሞረድ ጭረት ብቻ ነው። ዓመት ሙሉ በእጄ ይዤው ጠርዙን አንድ ቀን አላየሁም።

ጀማሪዋ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡40

አዲስ_ገቢ፣ በእውነት አዝኛለሁ። በእኔ ጥያቄ ምክንያት ይህ ስለመጣ ደግሞ የበለጠ።

የእኔው ጠርዝ ላይ ጽሑፉ አለ። በስልኬ ብርሃን አየሁት። ከፍ ከፍ ያሉ ፊደሎች ናቸው፣ በመሐላቸው የቅጠል የሚመስል ጌጥ አለ። መስመር የለውም። ከንግሥቲቱ ምስል በታች ደግሞ «ኤስ» እና «ኤፍ» የሚሉ ሁለት ፊደሎች አሉ። እነዚህ ዘመኑን ይናገራሉ?

ላባ_ቆጣሪ | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡05

ብቻቸውን አይናገሩም። ፊደሎቹ በጉንዝቡርግ የገንዘብ መምቻ የነበሩት የሁለት ኃላፊዎች ስም መነሻ ናቸው፣ ሾብልና ፋቢ። በ1780 እዚያ የተመታው ላይ ነበሩ። በኋላ የመጡት መምቻዎች ያንን መልክ ሲቀዱ ፊደሎቹንም አብረው ቀዱ። ሻጮች «ሁለቱ ፊደሎች ስላሉበት ኦሪጅናል ነው» ሲሉ አንብቤያለሁ። ልክ አይደለም።

ዘመኑን የሚለየው ጥቃቅኑ ነው። በጀርባው ያለው ባለሁለት ራስ ንስር የጅራት ላባ አደራደር፣ ክንፎቹ፣ ክንብንቧ ላይ ያለው የዕንቁ ጌጥ፣ ትከሻዋ ላይ ያለው መቆንጠጫ፣ ከ1780 ቀጥሎ ያለው የተጋደመ መስቀል፣ የጠርዙ ጌጥ ቅርጽ። የእኔም ስም የመጣው ከላባው ነው። የድሮ ነጋዴዎቻችን ዕንቁውንና መቆንጠጫውን በጥፍራቸው እየነኩ ይቀበሉ እንደነበር ተጽፏል። ያላሟላውን፣ የለዘበውን «አልቀበልም» ይሉ ነበር። ያ ጥንቃቄ ጥሩ ነበር።

የፊቱን፣ የጀርባውንና የጠርዙን ፎቶ በቀን ብርሃን አንሺና ላኪልኝ። ዘመኑን እስከ ዓመት አልነግርሽም። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን ምት ነው ወይስ ቀድሞ የመጣ የሚለውን ግን ልሞክር።

ኬሚስቷ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡15

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ ወርቅ ቤቶች በኤክስሬይ የሚያነብ መሣሪያ አላቸው። ጥሩ ነው፣ ሳንቲሙን አይጎዳም። ግን የሚያነበው ላዩን ብቻ ነው። ወፈር ያለ የብር ቅብ ካለበት «ብር ነው» ብሎ ሊነግራችሁ ይችላል። የውኃው ምዘና ግን እስከ ውስጡ ይዘልቃል። ሁለቱ ከተስማሙ ብዙ ጥርጥር አይቀርም። ጭረው አሲድ የሚያንጠባጥቡትን ግን አትፍቀዱ። ሳንቲሙ ለዘላለም ይቆስላል።

በፕላስቲክ ታሽጎ የሚሸጥ ሳንቲምም በጭፍን አይታመንም። እንደ ፒሲጂኤስና ኤንጂሲ ያሉት የሳንቲም መርማሪ ድርጅቶች ላሸጉት ሁሉ ቁጥር ይሰጣሉ። ቁጥሩን ድረ ገጻቸው ላይ አስገቡ። ፎቶ ካለ ከእጃችሁ ካለው ጋር ጭረት በጭረት አስተያዩት። ማሸጊያውንም ቁጥሩንም የሚቀዱ ሰዎች አሉ። ቁጥሩ እውነተኛ፣ ሳንቲሙ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል።

ቁርጥ_ቃል | ረቡዕ፣ ቀን 7፡30

ሳላውቅ ፈርጃለሁ። ይቅርታ ጀማሪዋ። ምክሬን ሰምተሽ ብትመልሺው ኖሮ እውነተኛ ብር ነበር የምትመልሺው።

አንድ ነገር ግን አሁንም አልዋጥልህ አለኝ። ሻጩ «በንግሥቲቱ ዘመን የተመታ» ብሏል። የሌላ ሳንቲም ፎቶ ለጥፏል። ብሩ እውነተኛ ቢሆንም ወሬው እውነት አይደለም። ገዢ የሚከፍለው ለወሬውም ጭምር ነው።

ላባ_ቆጣሪ | ረቡዕ፣ ማታ 1፡10

በዚህ አንድ ነን። ፎቶዎቹን አይቻለሁ። ላባውም የጠርዙ ጌጥም የ20ኛው ክፍለ ዘመን ምት ነው የሚሉኝ፣ ምናልባትም ቪየና መልሳ ከጀመረች በኋላ የመጣ። በ1780 የተመታ አይደለም፣ ይህን በሙሉ ልቤ እናገራለሁ። ሁለቱ በሰብሳቢ ዘንድ አንድ ዋጋ የላቸውም።

ሻጩን ስታናግሪ «ፎርጅድ ሸጥክልኝ» አትበዪ። እውነት አይደለም፣ እሱም ብር መሆኑን አሳይቶ ይረታሻል። «በማስታወቂያው ላይ የተገለጸው አይደለም» በዪ። የማስታወቂያውን ጽሑፍና ፎቶ ሳይሰርዘው ዛሬውኑ ስክሪንሾት አንሺ። ንግግሩ ሁሉ በገዛሽበት መተግበሪያ ውስጥ ይሁን። በሌላ ስልክ እናውራ፣ በሌላ መንገድ ልክፈልሽ ካለ እሺ አትበዪ። 9ኙ ቀን ሳያልፍ ጨርሺ።

አዲስ_ገቢ፣ ያንተ ጊዜ አልፎ ይሆናል። ቢሆንም ሦስቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርገህ ለመተግበሪያው አሳውቅ። ሁለቱ ገና አልተሸጡም።

አዲስ_ገቢ | ረቡዕ፣ ማታ 1፡40

ልኬያለሁ። ለእኔ የሚመለስ ነገር እንደማይኖር አውቃለሁ።

ጀማሪዋ | ዓርብ፣ ማታ 2፡15

ይኸው ውጤቱ። ሻጩን እንደመከራችሁኝ አናገርኩት። መጀመሪያ «1780 የሚለውን አታነቢም?» አለኝ። ስለ ዓመቱ የነገራችሁኝን ጻፍኩለትና ስክሪንሾቱን አያያዝኩ። ከአንድ ቀን በኋላ ሁለት ምርጫ ሰጠኝ። ወይ ሳንቲሙን መልሼ ሙሉ ገንዘቤን ልወስድ፣ ወይ ብሩን ይዤ ግማሹን ሊመልስልኝ። ማስታወቂያውንም አስተካክሎታል። አሁን «ከ1780 በኋላ የተመታ» ይላል።

ግማሹን ተቀብዬ ብሩን አስቀረሁት። አባቴ የሚወደው ክብደቱንና መልኩን ነው፣ እነሱ ደግሞ እውነተኛ ናቸው። ከሳጥኑ ውስጥ ትንሽ ወረቀት አስገባሁ፦ «ጠገራ። ብር፣ 28.02 ግራም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የተመታ።» እህቴ ከመስጠቴ በፊት በጥርስ ሳሙና ልወልውለው ስትል ከእጇ ቀማኋት።

ዛሬ ሰጠሁት። ወረቀቱን ገና አላነበበም። መጀመሪያ ያደረገው ብሩን አቁሞ ጠርዙን በጥፍሩ መዳበስ ነው።

ላባ_ቆጣሪ | ዓርብ፣ ማታ 2፡31

አባትሽ ያውቃሉ ማለት ነው። ማን እንዳስተማራቸው ጠይቂያቸውና ጻፊልን።